ለሰርፌስ ፒርሲንግ የትኛው ጌጥ ይሻላል? ቅርጹ ይቅደም፣ ወርቁ ይደርሳል

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። «ወርቅ ላድርግ ወይስ ብር?» «ፈርጡ ነጭ ይሁን ወይስ ሰማያዊ?» ብሎ ይጠይቃል። ለጆሮ ቢሆን ምንም አይደል። ለሰርፌስ ፒርሲንግ ግን ይህ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ጌጡ ይሰነብታል ወይስ በጥቂት ወር ውስጥ ጠባሳ ጥሎ ይወጣል የሚለውን በመጀመሪያ የሚወስነው ቅርጹ ነው። ቀጥሎ ልኩ። ማዕድኑ ሦስተኛ ነው። የፈርጡ ቀለም ለዓይን ነው፤ ቆዳው አያውቀውም።

ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። የጆሮ ብስ በፊት ገብቶ በኋላ ይወጣል፤ መንገዱ አጭር ነው። ሰርፌስ ፒርሲንግ የሚበሳው ቆዳው ዝርግ የሆነ ቦታ ላይ ነው። መርፌው በአንድ ነጥብ ይገባል፣ ከቆዳ ሥር ጥቂት ይሄዳል፣ እዚያው ገጽ ላይ በሌላ ነጥብ ብቅ ይላል። ማጅራት፣ የደረት መሐል፣ ዳሌ፣ የእጅ አንጓ የተለመዱ ቦታዎች ናቸው። ቅንድብም የዚሁ ዘመድ ነው።

ችግሩ ያለው ሰውነታችን ጋ ነው። ከቆዳ ሥር በቅርብ የተኛን ባዕድ ነገር ሰውነት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከጌጡ በላይ ያለው ቆዳ ይሳሳል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ መጨረሻ ላይ ተቀዶ ጌጡ ይወድቃል። ይህ ኢንፌክሽን አይደለም። ስለዚህ ንጽሕና ብቻውን አያስቀረውም። ጌጡ ቆዳውን ባልተጫነ መጠን ግን ይዘገያል፤ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት ይዘገያል።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን የምመዝነው በአምስት ነገር ነው። ቆዳው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ምን ያህል ነው? ማዕድኑ ከሥጋ ጋር ይስማማል ወይ? ልብስና ፀጉር ይይዘዋል ወይ? ማውጣት ቢያስፈልግ ቤት ውስጥ ይወጣል ወይስ ባለሙያ ይፈልጋል? ዋጋውስ? ዋጋን መጨረሻ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ርካሹ ጌጥ ከተበላሸ ሁለተኛ ብስና የመድኃኒት ወጪ ይመጣል፤ ጠባሳው ደግሞ በገንዘብም አይመለስም።

ከሁሉ የሚቀድም አንድ ምርመራ አለ፤ ቤት ውስጥ በነፃ የሚደረግ። እጅጌያችሁን ሰብስቡና የልጅነት ክትባት ጠባሳችሁን እዩ። ዝርግ ወይም ጎድጎድ ያለ ከሆነ ጥሩ። ከፍ ብሎ ያበጠ፣ የሚያሳክክ፣ ከመጀመሪያው ቁስል አልፎ የተስፋፋ ከሆነ ግን ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። የጆሮ ብሳችሁንም ከኋላ በጣት ዳስሱ። ቤተሰብ ጠይቁ፤ ኬሎይድ በዘር ይሄዳል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ላይ ደግሞ ይበዛል። የሚወዳቸው ቦታዎች የደረት መሐል፣ ትከሻ፣ የላይኛው ጀርባና ጆሮ ናቸው። የደረት መሐል ሰርፌስ ፒርሲንግም የሚወደው ቦታ ስለሆነ ነገሩ አስቸጋሪ ነው። ኬሎይድ ያለበት ሰው የሚያዋጣው በማጣበቂያ የሚለጠፍ ፈርጥ ነው። ቀልድ አይደለም። ኬሎይድ ተቆርጦ እንኳን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከፊቱ በልጦ።

ቅርጽ፦ ሁሉም ነገር እዚህ ይወሰናል

ገበያ ላይ በብዛትና በርካሽ የሚገኘው ቀጥ ያለው ባርቤል ነው። ቀጭን ዘንግ፣ በሁለት ጫፉ ኳስ። ለምላስ የሚሆን ነው። ዝርግ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ኳሶቹ ቆዳውን ከላይ ይጫናሉ፣ ዘንጉ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ቆዳው መሐል ተጨምቆ ይውላል፣ ያድራል። ለሰርፌስ አትግዙት። «ለጊዜው ይሁን፣ በኋላ ትቀይሪዋለሽ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከወንበሩ ተነሡ።

ጎበጥ ያለው ባርቤል ቦታውን ካገኘ ጎበዝ ነው። ቅንድብ ላይ ቆዳው በሁለት ጣት ቆንጠጥ ሲደረግ ተነሥቶ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ጎባጣ ነው። ጌጡ ያንን ተከትሎ ይተኛል። ብዙ ጊዜ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 8 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ ርዝመት ይበቃዋል። እምብርት ላይም የሚገባው ይኸው ቅርጽ ነው፣ ወፈር ብሎ። ማጅራትና ደረት ላይ ግን አይሆንም። እዚያ የጌጡ ጉብጠት ጫፎቹን አጋድሞ ቆዳው ላይ ያስተኛቸዋል። ቅንድብ ላይ ቀለበት የሚያምራችሁ ካላችሁ እስኪድን ታገሡ። ቀለበት ይዞራል፣ ትራስም ይይዘዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ሰርፌስ ባር። ቅርጹ ወረቀት ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዳለ የስቴፕለር ሽቦ ነው። ረጅሙ ወለል ከቆዳ ሥር ዝርግ ብሎ ይተኛል። ሁለቱ እግሮች በ90 ዲግሪ ታጥፈው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ጫፋቸው ላይ ኳስ ወይም ዝርግ ቆብ ይታሠራል። ጫናው በወለሉ ርዝመት ሁሉ ይከፋፈላል፤ እግሮቹ ቀጥ ብለው ስለሚወጡ የቀዳዳው ዳር አይጨመቅም። ዝርግ ቦታ ላይ ሁለት ነጥብ እንዲታይ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቅርጽ የለም።

ሰርፌስ ባርም ግን ይለያያል። እጃችሁ ሲገባ ሁለቱን መታጠፊያዎች በስልክ መብራት እዩአቸው። ቀጥ ያለ ዘንግ በፒንሳ ታጥፎ የተሠራ ከሆነ የፒንሳው ጥርስ አሻራ ይቀርበታል። ጥፍራችሁን መታጠፊያው ላይ ጎትቱት፤ ከያዘ ሻካራ ነው። ያ ሻካራ ቦታ የሚያርፈው ቆዳው በየደቂቃው በሚንቀሳቀስበት ነጥብ ላይ ነው። ደህናው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወለወለ ነው፣ ጥፍር አይዝም። ቀጥሎ ወለሉ ክብ ነው ወይስ ዝርግ የሚለውን እዩ። ሁለቱም ይሠራል። ክቡ ጫፉ ሲነካ ከቆዳ ሥር ሊንከባለል ስለሚችል እኔ ምርጫ ካለ ዝርጉን እወስዳለሁ።

አንድ ነጥብ ብቻ ለሚፈልግ ደርማል አለ። ማይክሮደርማልም ይሉታል። መውጫ ቀዳዳ የለውም። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን መሠረት ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፣ ከላይዋ አጭር አንገት ይወጣል፣ አንገቱ ላይ ፈርጡ ይታሠራል። መሠረቷ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ቁስሉ ሲድን ሥጋው በቀዳዳዎቹ አልፎ ይይዛታል። ጥንካሬውም መዘዙም ከዚህ ነው የሚመጣው። ከዳነ በኋላ ፈርጡ ይቀየራል። መሠረቱን ግን ራሳችሁ ማውጣት አትችሉም። ባለሙያ አሸት አሸት አድርጎ፣ ካልሆነም ትንሽ ቀድዶ ነው የሚያወጣው።

ይህ ለውጭ አገር ነዋሪ ትልቅ ነገር ነው። ለእረፍት በሄዱበት ከተማ ተበስቶ መመለስ ቀላል ነው። ከወራት በኋላ ደርማሉ አጋድሎ ሲነሣ ግን የሚያወጣው ሰው በአቅራቢያ መኖር አለበት። አዲስ አበባ ላይ የጆሮና የአፍንጫ በሺ በየሰፈሩ ይገኛል፤ ደርማል የሚያወጣ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኝም። ካልተገኘ የቆዳ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

የደርማል ሌላው ጠባይ መያዝ መውደዱ ነው። ሰርፌስ ባር በሁለት እግሩ ስለቆመ አንዱ ቢጎተት ሌላው ይደግፈዋል። ደርማል አንድ እግር ነው። ፎጣ አንዴ ጠበቅ አድርጎ ከጎተተው መሠረቱ ያጋድላል፤ ካጋደለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም። በሌላ በኩል ቶሎ ይድናል። ከ1 እስከ 3 ወር ለብዙዎች ይበቃል፣ ሰርፌስ ባር ግን ከ3 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስኪን ዳይቨር የሚባል ዘመድም አለው፦ ፈርጡና መሠረቱ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ ፈርጡ የማይቀየር። በቀላሉ ይወጣል፣ በቀላሉም ይጠፋል።

ተጣጣፊ ፕላስቲክ የመጨረሻው ነው። ከነዚህ ደህናው ፒቲኤፍኢ ነው፤ በሌላ ስሙ ቴፍሎን፣ መጥበሻ ላይ የምናውቀው። ከሰውነት ጋር ይታጠፋል፣ በልክ ይቆረጣል። ነፍሰ ጡር ሆዷ ሲገፋ እምብርቷ ላይ ብታደርገው ይመቻል። ለሰርፌስ መጀመሪያ ጌጥነት ግን አልመርጠውም። ቪቱ የሚነክሰው ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ ኳሱ እየላላ ይወድቃል። አክሪሊክ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ አዲስ ብስ ውስጥ ጭራሽ አይግባ።

ልክ ሳይወሰድ አይገዛ

ጌጡን ገዝቶ በሺ መፈለግ እዚህ ላይ አይሠራም። መጀመሪያ ልኩ ይወሰዳል። ደግሞም ቆማችሁ ነው የሚወሰደው። ተኝታችሁ የተደረገ ምልክት ስትነሡ ቦታውን ይቀይራል፤ ዳሌ ላይ በተለይ። ባለሙያው በብዕር ሁለት ነጥብ ካደረገ በኋላ ጎንበስ ቀና በሉ፣ አንገታችሁን አዙሩ፣ ቁጭ በሉ። ነጥቦቹ በጣም ከተቀራረቡ ወይም ከተራራቁ ቦታው ብዙ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ቦታውን ቀይሩት። የእጅ አንጓ በዚህ ፈተና ወድቆ ነው የሚገኘው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ እጅ ላይ ጌጥ አይሰነብትም።

ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ውፍረት ነው። ለሰርፌስ ባር የተለመደው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጌጅ ቁጥር 14። የጌጅ ቁጥር የተገላቢጦሽ ነው፤ 16 ጌጅ ከ14 ይቀጥናል፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭን ጌጥ የዋህ ይመስላል፣ ቆዳን ቀድዶ ለመውጣት ግን ይፈጥናል። ሁለተኛው የወለሉ ርዝመት፣ ሦስተኛው የእግሮቹ ቁመት ነው። እግሩ ካጠረ ቆዳው ሲያብጥ ቆቡ ይሰምጣል፤ ከረዘመ ልብስ ይይዘዋል። የእግር ቁመት ልዩነት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም አትናቁት። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ቢበሱ እንኳን የቆዳ ውፍረታቸው አይመሳሰልም፣ ስለዚህ የጓደኛችሁ ልክ የእናንተ አይደለም።

ማዕድን

በአጭሩ ቲታኒየም ግዙ። አሁን ለምን እንደሆነ እንይ።

ሰውነት ውስጥ ለመትከል በሚያበቃ ደረጃ የተሠራ ቲታኒየም ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 ወይም አይኤስኦ 5832-3 የሚል መለያ አለው። አጥንት ውስጥ የሚገባውም ይኸው ነው። ከቲታኒየሙ ጋር 6 በመቶ ያህል አሉሚኒየምና 4 በመቶ ያህል ቫናዲየም አለበት፤ ኒኬል የለውም። ከስቲል ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ግማሹን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቆዳ ሥር የሚተኛ ነገር ላይ ቀላልነት ትልቅ ነገር ነው። ወርቃማ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ የሆኑት ቲታኒየሞች ቀለም አልተቀቡም። በኤሌክትሪክ ኃይል ገጹ ላይ ስስ ሽፋን ሲፈጠርበት ብርሃኑን የሚመልስበት መንገድ ይቀየራል፤ በቮልቱ መጠን ቀለሙ ይለያያል። ከጊዜ በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል እንጂ እንደ ቅብ ተልጦ ሥጋ ውስጥ አይቀርም። ጥቁር ለሚወድ ኒዮቢየም አለ። እርሱም ኒኬል የለበትም፣ ከቲታኒየም ይከብዳል።

ስቲል ላይ ቃላቱን ተጠንቀቁ። «ሰርጂካል ስቲል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ብዙ ዓይነት ስቲል በዚህ ስም ይሸጣል። 316 ኤል የሚባለው ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል አለው። ደህናው፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ 138 የሚባለውም ኒኬል አያጣውም፤ ግን ከውስጡ የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚቆጣጠረውም ይህን የሚለቀቀውን መጠን ነው፦ ብስ ውስጥ ለሚገባ ጌጥ በሳምንት በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ0.2 ማይክሮ ግራም በታች መሆን አለበት። እናንተ ቤት ውስጥ ይህን መለካት አትችሉም። አንድ ነገር ግን ታውቃላችሁ። የቀበቶ ዘለበት ወይም የጂንስ ቁልፍ እምብርታችሁ ግድም ያሳክካችኋል? የሰዓት ጀርባ ያቆስላችኋል? እንደዚያ ከሆነ ኒኬል አይስማማችሁምና ስቲልን እርሱት።

ወርቅ የእኛ ሰው ድካም ነው። ከዱባይ ወይም ከጅዳ የመጣ 21 ካራት ወርቅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ «ይቺን አቅልጬ ላሠራት» ማለት ይመጣል። 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ ነው፤ ለአንገት ሐብል ያምራል፣ ለብስ ግን ይለሰልሳል። በቀላሉ ይጫራል፣ ጭረቱም ባክቴሪያ ይይዛል። ለብስ የሚሆነው 14 ወይም 18 ካራት ነው፣ ያውም ከኒኬልና ከካድሚየም ነፃ የሆነ። ነጭ ወርቅ ብዙ ጊዜ ኒኬል ይጨመርበታል። የወርቅ ቅብ ደግሞ ወርቅ አይደለም። ቅቡ ሲላጥ ከሥሩ የሚገኘው ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ክብደቱንም አትርሱ። 18 ካራት ወርቅ በተመሳሳይ መጠን ከቲታኒየም ሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ የኔ ምክር ዘንጉ ወይም መሠረቱ ቲታኒየም፣ ከላይ የሚታየው ቆብ ብቻ ወርቅ እንዲሆን ነው። የሚታየው እርሱ ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት የምታሠሩ ከሆነ የድሮውን ቆብ ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ ቪቱ ካልገጠመ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ብር ላይ ልባችን እንደሚሳብ አውቃለሁ። የማርያ ቴሬዛ ብር እየቀለጠ ስንት መስቀልና ጉትቻ ተሠርቷል። ለዳነ ጆሮ ይሁን። አዲስ ሰርፌስ ብስ ውስጥ ግን ብር ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል። ያ ቀለም በሳሙና አይለቅም።

ሻጩ ቲታኒየም ነው ብሏችሁ ከተጠራጠራችሁ ማግኔት አስጠጉ። ከሳበው ቲታኒየም አይደለም። ካልሳበው ግን ገና አልተረጋገጠም፣ 316 ኤልም ብዙ ጊዜ ማግኔት አይዘውም። እርግጠኛው ነገር የብረቱን ምንጭና ይዘት የሚገልጽ የፋብሪካ ሰርተፊኬት ነው። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ሲጠየቅ ያሳያል፣ አይቆጣም።

የቪቱ ጥርስ የት ነው ያለው?

ይህ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ርካሽ ባርቤሎች ላይ ጥርሱ የተቀረጸው ዘንጉ ላይ ነው። ጌጡ በገባና በወጣ ቁጥር ያ ጥርስ በቁስሉ ውስጥ ያልፋል። የተሻሉት ላይ የዘንጉ ጫፍ ለስላሳ ሆኖ መሐሉ ክፍት ነው፤ ጥርሱ ያለው ኳሱ ላይ ነው። ጭራሽ ቪት የሌለው፣ ስስ ሽቦ ጎንበስ ተደርጎ የሚሰካበት ዓይነትም አለ። ለመለየት ጥጥ ውሰዱና የዘንጉን ጫፍ በጥጡ ላይ ጎትቱት። የጥጥ ጭረት ከቀረበት ሥጋም ይቀርበታል።

አንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | የሚስማማው ቦታ | በቆዳ ላይ ያለው ጫና | አወጣጥ | ወጪ | ፍርድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቲታኒየም ሰርፌስ ባር | ማጅራት፣ ደረት፣ ዳሌ | ዝቅተኛ | ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል | መካከለኛ | ለዝርግ ቦታ የመጀመሪያ ምርጫ |
| ቲታኒየም ደርማል | ጉንጭ፣ ደረት፣ አንድ ነጥብ የሚፈለግበት | ዝቅተኛ፣ ካልተጎተተ | የግድ ባለሙያ | መካከለኛ፣ የማውጫ ወጪ ይጨመራል | ለጥንቁቅ ሰው |
| ቲታኒየም ጎበጥ ያለ ባርቤል | ቅንድብ፣ እምብርት | ዝቅተኛ፣ በቦታው ከሆነ | ከዳነ በኋላ በቤት | ዝቅተኛ | ለጀማሪ የሚቀለው |
| ስቲል ሰርፌስ ባር፣ ሰርተፊኬት ያለው | ዝርግ ቦታ | ዝቅተኛ፣ ክብደት አለው | ባለሙያ | ከቲታኒየም ትንሽ ይቀንሳል | ኒኬል ለሚስማማው ብቻ |
| የወርቅ ቆብ በቲታኒየም ላይ | ከዳነ በኋላ፣ የትም | እንደ ዘንጉ | ቆቡ ብቻ ይፈታል | ከፍተኛ | በትዕግሥት የሚገዛ |
| ፒቲኤፍኢ | ለጊዜው፣ ብዙ በሚታጠፍ ቦታ | ዝቅተኛ | በቤት | ዝቅተኛ | እንደ ተለዋጭ እንጂ እንደ መጀመሪያ አይደለም |
| ቀጥ ያለ ባርቤል፣ ብር፣ ማንኛውም ቅብ | የትም አይስማማም | ከፍተኛ ወይም አጠራጣሪ | ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል | ርካሽ ይመስላል | ተዉት |

ለማን የቱ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበሱና ይህ ነገር ይስማማኝ ይሆን እያላችሁ የምታመነቱ ከሆነ ቅንድብ ላይ ጎበጥ ባለ የቲታኒየም ባርቤል ጀምሩ። ሰለቸኝ ካላችሁ ይወጣል። የሚቀረው ጠባሳ ትንሽ ነው፤ የቅንድብ ፀጉርም ይሸፍነዋል።

ማጅራት ላይ የምትፈልጉ፣ ስለ አንገታችሁ አስቡ። ማተብ ወይም ሐብል ሁልጊዜ የምታደርጉ ከሆነ ክሩ ቆቡ ላይ ሲፈተግ ይውላል። ሹሩባ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የሠሪዋ ማበጠሪያ የሚያርፈው እዚያው ነው፤ ሳትቀመጡ ንገሯት። እዚህ ቦታ ላይ ከኳስ ይልቅ ዝርግ ቆብ ያለው ሰርፌስ ባር ይሻላል። ነጠላ የምትለብሱ ሰዎች የኳስን ጠባይ ታውቁታላችሁ፤ ሽፍን ሲሉት ጥለቱን ይዞ አይለቅም። ሂጃብ የምታደርጉም ስፒሉን ከቦታው አርቁት።

ደረት ላይ አንዲት ፈርጥ ብቻ እንድትታይ የምትፈልጉ ደርማል ይሆናችኋል። ኬሎይድ የሌለባችሁ መሆኑን ግን ደግማችሁ አረጋግጡ። የደረት ራጅ ስትነሡ ፊልሙ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ለራጅ ባለሙያው ቀድማችሁ ተናገሩ። ኤምአርአይ ከታዘዘላችሁም እንዲሁ። ቲታኒየም በማግኔቱ አይሳብም፣ ሆኖም ውሳኔው የእነርሱ ነው።

ሥራ ቦታችሁ ጌጥ የማይፈቀድበት ከሆነ፣ ወይም ቤት ስትገቡ እማዬ እንዳታይ የምትፈልጉ ከሆነ ደርማል አይሆንም። ፈርጡን ፈትታችሁ ትንሽ ዝርግ ቆብ ብታደርጉ እንኳን መኖሩ ያስታውቃል። በልብስ የሚሸፈን ዳሌ ላይ ሰርፌስ ባር ይሻላችኋል፤ የሱሪው ወገብ የማያርፍበት ከፍታ ላይ ይሁን እንጂ።

በጀቱ ጠበብ ላለባችሁ፦ ፈርጡን ቀንሱ፣ ማዕድኑን አትቀንሱ። ምንም ጌጥ የሌለው ዝርግ የቲታኒየም ቆብ ከሁሉም ርካሹ ነው። ከዳነ በኋላ ደመወዝ ሲወጣ ቆቡ ይቀየራል። በጀቱ ለቲታኒየሙም የማይበቃ ከሆነ መበሳቱ ይቆይ። ገንዘብ የተረፋችሁም ብትሆኑ አዲሱ ብስ ላይ ወርቅ አትቸኩሉ። እብጠቱ ይውረድ፣ ሰውነታችሁ መቀበሉን እዩ። በጥቂት ወር ውስጥ የሚገፋ ከሆነ ወርቁ ይተርፋችኋል።

እንክብካቤው አጭር ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውኃ፣ ይበቃል። አልኮል አይነካው፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አይነካው፣ ቅቤም አይቀባ። አታዙሩት። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ቆዳ ሲሳሳ ወይም ብረቱ ከሥር ሲታያችሁ ግን አትጠብቁ። ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ አስወጡት። ቀድሞ የወጣ ጌጥ የሚተወው ሁለት ነጥብ ነው፤ ቀድዶ የወጣ ግን መስመር ይተዋል።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ

አገር ቤት ያለን ብዙዎቻችን ደህና ጌጥ የምናገኘው በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ዋሽንግተን ያለች የአክስት ልጅ «ምን ላምጣልሽ?» ስትል «የሚያምር ፒርሲንግ» ብሎ መጻፍ የሚያመጣው ቀጥ ያለ ባርቤል ነው። ቀድማችሁ ልካችሁን አስወስዱና ይህን ላኩላት፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ልክ ቀይሩ፦

«ሰርፌስ ባር፣ 90 ዲግሪ የታጠፈ። ቲታኒየም፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 የሚል። ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር። የወለል ርዝመት 16 ሚሊ ሜትር፣ የእግር ቁመት 3 ሚሊ ሜትር። ቪቱ ውስጥ የሆነ። ሁለት ዝርግ ቆብ፣ ፈርጥ የሌለው። ፒርሲንግ ከሚሠራ ቤት እንጂ ከአልባሳት ሱቅ አይሁን። ደረሰኙንና የማዕድኑን መግለጫ አትጣይው። ከማሸጊያው አታውጪው፤ እዚህ በአውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድል ማሽን፣ ጸድቶ ነው የሚገባው።»